የሰባት ቤት ቆጠራና ያልተከፈተው ገጽ

አባቴ ዘር ቆጣሪ ነበር። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት የሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ነበር ቤታችን፤ ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ እኛ ዘንድ ይመጣል። በእኛ ደንብ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የልጁ ወገንና የልጅቷ ወገን አያት ቅድመ አያታቸውን አንድ በአንድ ይጠራሉ። እስከ ሰባተኛው ድረስ የትም ካልተገናኙ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከተገናኙ ግን ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸውና ነገሩ እዚያው ይቀራል። አባቴ የራሳችንን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱንም የጎረቤቱን አማትም ቆጠራ ያውቅ ነበር። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «እሺ፣ ስማ» ይላል፤ ከዚያ ይጀምራል። ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚላት ቃል ነበረችው፦ «ይህን ያልኩ እኔ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ይምጣ።»

እኔ ደግሞ ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ። አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ «ኮምፒውተር ውስጥ ቤት ይሠራል፤ የሚኖርበት ሰው ግን አይቼ አላውቅም» ይል ነበር። እንግዳ ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ ቶሎ የሚያኮርፍ ሰው ነኝ፣ በዚያ ላይ ቀልዱን በየሳምንቱ ነው የሚደግመው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ትንፋሹ እያጠረ ሲመጣ ቆጠራውን በቃሌ እንድይዝለት ጠየቀኝ። «አባዬ፣ በቃል መያዝ ድሮ ቀረ፤ እቀዳልሃለሁ» አልኩት። ቀዳሁት። ቀረጻው ውስጥ አምስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ይስላል። ረጅም ሳል ነው። የእናቴ እግር ኮቴ ይሰማል፣ ውሃ ስታቀብለው ይሰማል፣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ይሰማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሳሉን ልቆርጠው ፈልጌ ነበር፤ እናቴ «የሰው ሳል አይቆረጥም፣ ተወው» አለችኝና ተውኩት። አባቴ ራሱን ካዳመጠ በኋላ «መልካም ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ችግሩ ይሄ ነገር ሲጠይቁት አይመልስም» አለኝ። እንደ ልማዱ የቀለደ መሰለኝ።

ካረፈ በኋላ ድምፁን መስማት አቃተኝ። «እሺ፣ ስማ» ከማለቱ አጠፋዋለሁ። ለተዝካሩ ይድረስ ብዬ የቤተሰቡን ድረ ገጽ የሠራሁት እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው፤ የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘግቼ። ቀረጻው እየሄደ መሆኑን የማውቀው ከሥር በምትንቀሳቀሰው ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። ለአባቴ ቆጠራም ለሌሎች ዘመዶች ቃልም ገጽ አበጅቼ ለእያንዳንዱ የራሱን አድራሻ ሰጠሁት፤ ዋናው ገጽ ላይ የሁሉንም ዝርዝር አደረግሁ፤ እናቴ ስልክ ላይ ደግሞ በአንድ ጣት የምትገባበት ምልክት አስቀመጥሁላት። ተዝካሩ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አየ፣ መረቀኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያን ጊዜ አላስታወስኩትም።

በዚያው ዓመት የእህቴ ልጅ ልትታጭ ሆነ። ነርስነት የምትማር፣ ስትስቅ ቤቱን የምትሞላ ልጅ ናት። አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ እኔንም አጎቴ ማለት ትታ «ዶድ» ነው የምትለኝ፣ ያው አጎት ማለት ነው። ልጁም ጨዋ ነው። የአባቷ ወገን ቆጠራ በሽማግሌዎች አልቋል፤ የቀረው የእናቷ ወገን ማለትም የእኛ ነበር፣ እሱን የሚቆጥረው ደግሞ አፈር ለብሷል። የልጁ አያት ሮቫ ቴት ቫቭ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ሳይቆጠር አልድርም» አሉ። ልክ ናቸው። እናቴም ኮራ ብላ «ቆጠራውማ አለ፤ በራሱ አንደበት ይሰሙታል» አለችና የአባቴን ገጽ አድራሻ በስልክ መልእክት ላከችላቸው።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ።

እኛ ሰዎች እምቢ አንልም፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስልክ ሳይነሳ ይቀራል፣ «ሥራ በዝቶብን ነው» ይባላል፣ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ያጥራል፣ ነገሩ እንደዚያ እያለ ራሱ ደርቆ ይወድቃል። የልጁ እናት መደወል አቆመች። ልጁ አሁንም ይመጣል፣ ግን ቤት አይገባም፤ መኪናው ውስጥ ሁኖ ነው የሚጠብቃት። እናቴ ሁሉንም አየችና «በቃ፣ አልፈለጉንም» አለች። ልደውል ስል ከለከለችኝ። «እምቢ የተባለ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። አባትህ ቢኖር አይጠይቅም ነበር።» እኔ ሰው ሲያኮርፈኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ ደሜ ይፈላል። ግን እናቴን አልፌ የት እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እኔ ዘንድ መጣች። አልሳቀችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ዶድ፣ እኛ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው ምን አለ?»

«ሳባው ቆጠራውን ሰምቶ ነው ዝም ያለው። አያቴ የሆነ ነገር ብሏል ማለት ነው። እኛ የማናውቀው ነገር። አንተ ሰምተኸዋል አይደል?»

ሳባ የምትለው የልጁን አያት ነው። «ምንም የለበትም» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፣ ግን ከቀዳሁት ወዲህ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ሲቀዳም ልቤ ትንፋሹ ላይ ነበር እንጂ ስሞቹ ላይ አልነበረም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ገጹን ከፈትኩ። «እሺ፣ ስማ» አለ። ዘጋሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ በአንድ ሰንበት መውጫ ነው። እናቴ የቅዳሜን ሰንበት አጥብቃ ትይዛለች፤ ፀሐይ ከገባች ስልክ አይነካም፣ እሳት አይነካም። ዓርብ ግን ፀሐይ ሳትገባ የአባቴን ገጽ ከፍታ ትሰማውና ስልኩን ሳትዘጋ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ሰንበትን አብሮኝ ይዋል» ነው የምትል። ያን ቀን ልጅቷም እኔም እሷው ቤት ነበርን። ከዋክብት ሲታዩ እናቴ ስልኩን አንስታ ከፈተችው። ገጹ ነጭ ሁኖ በመሃሉ በዕብራይስጥ «የተጠየቀው ገጽ አልተገኘም» የሚል ተጽፎበታል። እሷ ቅር እንኳ ሳይላት ዘጋችው፤ እኔ ያስቀመጥሁላትን ምልክት ነካች፤ በዋናው ገጽ ገብታ ባሏን ከዝርዝሩ ፈልጋ አገኘችው።

«እማዬ፣ ያ ነጩ ነገር ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱማ ሁልጊዜ ነው። ሰንበት ሲወጣ እንዲያ ይላል። በዋናው በር ስገባ ይከፈታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሁሉ ነገር ይነገራል እንዴ። ሰንበት ያከብራል ብዬ ነው።»

ልጅቷ ብዙ ቀን ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች። እኔ ግን ተነስቼ ቆሜአለሁ። ስልክ ብዙ ሰዓት ያልተነካ ገጽ ከራሱ ይጥልና ሲከፍቱት እንደገና ከሰርቨሩ ይጠይቃል፤ ሰርቨር የምለው ድረ ገጹ የተቀመጠበትን፣ ለጠያቂ ሁሉ የሚያድለውን ማሽን ነው። እንደገና ሲጠየቅ «አልተገኘም» ካለ፣ መጀመሪያውኑ በአድራሻው በቀጥታ የመጣውንም ሰው እንዲሁ ነው የሚለው። እናቴ ለሽማግሌው የላከችውን መልእክት አወጣሁና በራሴ ስልክ ተጫንኩት። ያው ነጭ ገጽ መጣ።

እኔም እናቴም ሁልጊዜ በዋናው በር ነበር የምንገባው። በጓሮ የተላኩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልጅቷ እዚያው ለልጁ ደወለች። «ሳባ ያን ቀን ምንድን ነው ያየው?» አለችው። ልጁ መናገር ከበደው፣ ግን ተናገረ። አድራሻውን ሽማግሌው ተጭነዋል፤ ጽሑፉን ያነበበላቸው እሱ ነው። የለም የሚል ነው ሲላቸው ስልኩን ኪሳቸው ከተው «ልከው መልሰው አነሱት። በሩን ከዘጉ አላንኳኳም» ብለዋል። ለልጁም ለእናቱም እንዳይጠይቁ ከልክለዋል። እንግዲህ እኛ እነሱ እምቢ አሉን ብለን፣ እነሱ እኛ እምቢ አልናቸው ብለው፣ ሁለት ቤት ሙሉ ጨዋ ሰው ተኮራርፎ ተቀምጦ ነበር። ሌላ አገር ሰው ቢሆን «ገጻችሁ አይሠራም» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገል ነበር። እኛ ግን ማሽን እንኳ የለም ሲለን ማን አዘዘው ብለን ነው የምናስብ።

እሑድ ጠዋት ቁጭ አልኩ። ቶሎ እንድናደድ ያደረገኝ አምላክ ለሥራ ስቀመጥ ብቻ ትዕግሥት ይሰጠኛል፤ ያም ባይሆን እንጀራዬን አልበላም ነበር። የእኔ ድረ ገጽ ባለ አንድ ገጽ የሚሉት ዓይነት ነው። ሰርቨሩ ላይ በእውነት ያለው ዋናው ገጽ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በእሱ ከገቡ ወዲያ የአባቴን ቢጫኑ የአክስቴን፣ ሰርቨሩ ምንም አይጠየቅም፤ ገጹ ራሱ ልብሱን ይለውጥና ከላይ ያለውን አድራሻም አብሮ ይለውጠዋል። ያቺ አድራሻ ለሰው ስትላክ ነው ጉዱ የሚመጣ። ሰርቨሩ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል ይፈልጋል፣ የለም፤ እውነቱን ነው፣ ኖሮም አያውቅ። መድኃኒቱ ለሰርቨሩ አንድ ትእዛዝ መስጠት ነው፦ የማታውቀው አድራሻ ሲመጣብህ አትመልሰው፣ ዋናውን ገጽ ስጠው፤ የቀረውን ገጹ ራሱ አድራሻውን አንብቦ ያውቅበታል። እንግዳ የማያውቁትን ሰው ስም ጠርቶ ቢመጣ «እንዲያ የሚባል የለም» ብሎ ከመመለስ ወደ ቤት አስገብቶ ባለቤቱን ማስጠየቅ ማለት ነው። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር ነበር። እኔ በሥራ ቦታዬ ለሰው ስሠራ አልረሳውም፤ ለራሴ አባት ስሠራ ረሳሁት።

ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ሽማግሌው የተላከላቸውን ያንኑ አድራሻ ተጫንኩ። ገጹ ተከፈተ። የአባቴ ስም አለ፣ ፎቶው አለ። ድምፁ ግን የለም። ቀጭኗ መስመር አልተንቀሳቀሰችም።

ይኸኛው ትንሽ አደከመኝ። ገጹ የድምፁን ፋይል የሚፈልገው ከቆመበት ቦታ ተነስቶ ነበር፤ በዋናው በር ሲገባ ትክክል ይደርሳል፣ በቀጥታ ሲመጣ ግን የተሳሳተ ቦታ ሂዶ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ደግሞ አዲሱን ትእዛዜን አክብሮ፣ የማያውቀውን ሁሉ ዋናውን ገጽ ስለሚሰጥ፣ ለድምፁም ዋናውን ገጽ ሰጠው። ድምፅ ሲለምን ወረቀት ተቀበለ። ስለዚህ የፋይሉን መንገድ ከሥሩ ጀምሬ በሙሉ አድራሻ ጻፍኩለት፤ ድምፆቹ ያሉበትንም ክፍል ከትእዛዙ አወጣሁት። አንድ ነገር ቀረ። ሰርቨሩ አሁን ማንንም አልተገኘም አይልም፤ እንግዲህ በእውነት የሌለ ስም ሲመጣ መልስ መስጠት ያለበት ገጹ ራሱ ነው። ምን ልበል ብዬ እናቴን በስልክ ጠየቅኋት። አሰበችና «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ የፈለጋችሁት እዚህ የለም፤ ግቡና ከሌሎቹ ጋር ፈልጉት በል» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት።

ከዚያ መሞከር መጣ። በዚህ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ መሥራት አይቻልም፤ የጠፋው ድምፁ ነዋ። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ከፈትኩት። «እሺ፣ ስማ» አለ አባቴ። እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ፣ መለስኩት። የልጅቷ ጥያቄ ነው የመለሰኝ፤ እኛ ውስጥ ምን አለ ብላ በዚያ ዓይኗ ካየችኝ ወዲህ አንድ ሰው ሰምቶ ሊነግራት ይገባ ነበር። ሰማሁት። ስሞች ናቸው፣ ሌላ ምንም የለም። ማን ማንን ወለደ፣ የየት አገር ሰው ነበር፣ ሸማኔ ነበር፣ ቀጥቃጭ ነበር። አምስተኛው ላይ ሳል ያዘው፣ እናቴ ተነሳች፣ ውሃ ሰጠችው፣ ቀጠለ። አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም። ከዚያ በስልኬ ከፈትኩት፣ እንደገና አስጀመርኩት፣ በሌላ ብራውዘር ሞከርኩት፣ የድሮውን መልእክት ተጫንኩት፣ ዘግቼ ከፈትኩት። በተከፈተ ቁጥር ከመጀመሪያው ነው የሚነሳ። ቀኑን ሙሉ አባቴ እኔ ክፍል ውስጥ ሲቆጥር ዋለ። ማታ ላይ ማልቀሱም ቀርቶ ነበር፤ እሱ ሲያወራ እኔ ሥራዬን የምሠራበት የድሮው ቀን መስሎኝ ነበር።

ለልጅቷ «ምንም የለበትም፤ ሰዎች ብቻ ናቸው» ብዬ ላክሁላት። «ታዲያ ሳባው እንዴት ይሰማው?» አለችኝ። ጥያቄው እሱ ነበር። አድራሻው ያው ስለሆነ እሳቸው ስልክ ውስጥ ያለው መልእክት አሁን ይከፈታል፤ ግን የሚጫነው ማን ነው? ደውሎ «እስኪ እንደገና ይጫኑት» ማለት በእኛ ዘንድ የለም። ያኮረፈ ሽማግሌ በእግር ነው የሚሄዱበት። እናቴ ነጠላዋን ለበሰች።

ሽማግሌው በበጋ አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር የሚቀመጡበት አግዳሚ አላቸው። ነፋሻ ነበር፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ ይንሸራሸራል። ሲያዩን ብድግ አሉ፤ ኩርፊያ ቢኖርም ደንብ ደንብ ነው።

«እንደምን ሰነበቱ» አለች እናቴ።

«ይመስገን። አንቱስ? ልጆቹስ?»

«ይመስገን።» ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «የላክሁልዎ ነገር መንገዱ ተሰብሮ ኖሯል። እኔ አላወቅሁም። ልጄ ጠገነው።»

ሽማግሌው ባሕሩን አዩ። «እኔ አንስታችሁት ነው ብዬ ነበር።»

«እናነሳለን? የሞተ ሰው ቃል ይነሳል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከባሕሩ መለሱ። ከዚያ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ መልእክቱን አላጠፉትም ነበር። ተጫኑት። በነፋሱ መሃል የአባቴ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «እሺ፣ ስማ።» ሽማግሌው ቆባቸውን አስተካክለው እንደገና ተነሱና ቆመው ሰሙት፤ ሰው ፊታቸው ሁኖ የሚናገር ይመስል። «ይህን ያልኩ እኔ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ይምጣ» ብሎ እስኪጨርስ አልተቀመጡም።

«እሱ ነው» አሉ። «ድምፁን አወቅሁት። ነፍሱን ይማረው።» ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ግን ይምጣና ይጠይቀኝ ይላል፤ እኔ ብጠይቀው አይመልስልኝም። ቆጠራ የሁለት ሰው ነገር ነው። እኔ ስጠራ እሱ መልሶ መጥራት አለበት። ከእናንተ ወገን ይህን ያልኩ እኔ ነኝ የሚለኝ ማነው?»

በደንቡ ቆጠራ የወንድ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

አላውቀውም ልል አፌን ከፈትኩ። እኔ ማሽኑን ነው የማውቀው ልል ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ግን ያ ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ እዚያው ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እሺ፣ ይስሙ» አልኩ። ከእህቴ ጀመርኩ፣ ወደ አባቴ ወጣሁ፣ ወደ አያቴ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የቤት ነው። እኔ አንድ ስጠራ ሽማግሌው በየተራ የራሳቸውን ይጠራሉ። አንዱ ሌላውን እየተከተለ መጣልኝ፣ አንዳቸውንም አልፈለግኋቸውም። መሃል ላይ እናቴ ከአግዳሚው ከፍ ብላ መልሳ ስትቀመጥ አየሁ፤ ወገቧን አሟት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰባተኛው ላይ ደረስን። የትም አልተገናኘንም።

«ይህን ያልኩ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የሚጠይቀኝ ይምጣ።»

«ጠየቅሁ፣ ተመለሰልኝ» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጅቷ ልጃችን ናት።»

ወደ መኪናው ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ በዝግታ ነበር የምትሄድ። ለልጅቷ ደውልላት ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ሌላ ነገር አነሳች።

«አምስተኛው ላይ ሳልክ» አለችኝ።

«አልሳልኩም።»

«ሳልክ እንጂ። እሱ በሚስልበት ላይ።» ጥቂት ሄድን። «ውሃ ላቀብልህ ብድግ ብዬ ነበር። ባሕር ዳር መሆናችንን ረስቼ።»